የኋላ አክስል ስመርጥ ከከባዱ ተመልሼ መካከለኛውን የያዝኩበት ምክንያት

የቶዮታ ዲኤክሴ ዲፈረንሻል፣ ማለትም በኋላ አክስሉ መሐል ሆኖ የሞተሩን ሽክርክሪት ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የጥርስ ስብስብ፣ የተሰበረው በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ ከአዘዞ ወደ ጎንደር ከተማ የሚያስገባውን ዳገት ስወጣ ነው። መኪናዋ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችውን 1.3 ሊትር ሞተር አውጥቼ፣ ከአሮጌ ሃይሉክስ የተገኘውን 22አር የሚባል 2.4 ሊትር የቤንዚን ሞተር ከነባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮው ካስገባሁ ሦስት ወር እንኳ አልሞላኝም ነበር። የሞተሩን ለውጥ በሊብሬው ላይ አስመዝግቤያለሁ፤ ፍሪሲዮኑንና የፊት ፍሬኑንም አጠናክሬያለሁ፤ የኋላውን አክስል ግን ይችለዋል ብዬ እንደነበረ ተውኩት። ዳገቱ መሐል ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን በድንገት ስለቀው ከሥር የመሰንጠቅ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ አትንቀሳቀስም። ሲፈታ ክራውን የሚባለውን ትልቅ ባለ ጥርስ ቀለበት ከሚያዞረው ከትንሹ ማርሽ፣ ከፒኒየኑ ጥርሶች ሦስቱ ከሥራቸው ተገንጥለው ዘይቱ ውስጥ ተገኙ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ከዚያ ቀን በኋላ የምፈልገው ፈጽሞ የማይሰበር አክስል ብቻ ሆነ። አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርዶ የባለ አራት ጎማ ነጂ ሃይሉክስ የኋላ አክስል ገዛልኝና በአይሱዙ ተጭኖ ጎንደር ደረሰ። ክራውኑ 8 ኢንች ስፋት አለው፤ ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች ጫፋቸው ላይ 30 ጥርስ ይዘዋል፤ በጥንካሬው የሚጠረጠር ዕቃ አልነበረም። ሜትር ይዤ ጎን ለጎን ሳስተያየው ግን ችግሩ ተራ በተራ ይገለጥ ጀመር። የእኔ መኪና ቸርኬ በ114.3 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ በተደረደሩ አራት ቡሎኖች ሲታሰር፣ የሃይሉክሱ ስድስት ቡሎን ሆኖ ክቡ 139.7 ሚሊ ሜትር ነው። ወርዱ ከእኔው ከአሥር ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚበልጥ ጎማው ከመከላከያው ውጭ ይቀራል። የተሠራው ለባሌስትራ፣ ማለትም ለተነባበረ ዝርግ ብረት ሲሆን የእኔ መኪና የተንጠለጠለችው በአራት ክንድና በጥቅል ሞላ ነው። ጥርሶቹን ስቆጥር ደግሞ ክራውኑ 39፣ ፒኒየኑ 8 ሆነው ተገኙ፤ ይህም 39 ለ8 ሲካፈል 4.875 ማለት ነው፤ ጎማው አንዴ እንዲዞር ፒኒየኑ 4.875 ጊዜ ይዞራል። ይህ ምጥጥን ለሃይሉክስ ትልቅ ጎማ የታሰበ በመሆኑ በእኔ ባለ 13 ኢንች ጎማ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስነዳ ሞተሩን በአምስተኛ ማርሽ እንኳ ከ3,000 ዙር በላይ ያስጮኸዋል።

እንዲህም ሆኖ አስጠብቤና አስበይጄ ልገጥመው ቆርጬ ነበር። ያስቆሙኝ በከተማችን ዕድሜያቸውን በጋራዥ የፈጁ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። አክስሉን ዞር ዞር ብለው አዩትና፣ "ልጄ፣ ይህ የጭነት ነው። አክስል የሚሸከመው ሞተር የሚሰጠውን ሁሉ ሳይሆን ጎማ መሬቱን የሚይዘውን ያህል ነው" አሉኝ። "እንግዲያው የእኔ ለምን ተሰበረ፣ ጋሼ?" ስላቸው የተገነጠለውን ጥርስ ወደ ብርሃን አዙረው አሳዩኝ። የመነካካቱ ምልክት በጥርሱ መሐል መሆን ሲገባው ወደ ዳር ተገፍቶ ነበር። "ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ኩሽኔታው ከላላ ቆይቷል። የሰበረው ዳገቱ ሳይሆን የፍሪሲዮኑ ምት ነው" አሉ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ነገሩን በወረቀት ላይ ሠራሁት፤ ከዚህ ሁሉ ሥራ ከፍተኛውን ጥቅም የሰጠኝም ያ አንድ ገጽ ሒሳብ ነው። 22አር በባሕር ወለል ላይ የሚሰጠው የማዞር ኃይል 175 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። የካምቢዮው አንደኛ ማርሽ 3.954 ስለሆነ፣ 4.1 ምጥጥን ባለው ዲፈረንሻል ቢባዛ በኋላ ጎማዎች ላይ 2,800 ኒውተን ሜትር ያህል ይደርሳል። የቀድሞው ትንሽ ሞተር በተመሳሳይ ስሌት ከዚህ ግማሹን ብቻ ያህል ይሰጥ ነበር። መኪናዋ ግን 900 ኪሎ ገደማ ብቻ ናት። ስትነሣ ወደ ኋላ የሚያዘነብለው ክብደት ተጨምሮ የኋላ ጎማዎች 550 ኪሎ ቢሸከሙ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ ጎማው መሬት የሚይዝበት ኃይል ከተሸከመው ክብደት 0.9 እጅ ቢሆንና የጎማው ራዲየስ 29 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጎማው ሳይንሸራተት የሚቀበለው 1,400 ኒውተን ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጎማውን ያሽከረክረዋል እንጂ ወደ አክስሉ አይገባም። በዚህ ላይ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በዚህ ከፍታ ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ሆኖም ወደ መተማ ቆላ ሲወረድ ያ ኃይል ስለሚመለስ ይህንን እንደ ትርፍ አልቆጠርኩትም።

ሒሳቡ የማያሳየው ነገር ምቱን ነው። በኮብልስቶን ላይ ኃይል ሲሰጥ ጎማው ይዘላል፤ በአየር ላይ ይሽከረከራል፤ ተመልሶ መሬት ሲይዝ የሽክርክሪቱ ጉልበት በሙሉ በአንድ ቅጽበት በጥርሶቹና በዘንጎቹ ላይ ያርፋል። አክስሉ ራሱ ከባድ በሆነ መጠን ደግሞ ሞላውና አሞርዛተሩ ሊቆጣጠሩት ስለማይችሉ ዝላዩ ይብሳል። ስለዚህ የሃይሉክሱን አክስል ብገጥመው ኖሮ ጥርሱ ባይሰበርም መኪናዋ በዳገትም በኩርባም ላይ የባሰች ትሆን ነበር። ለሌላ የሃይሉክስ ባለቤት በገዛሁበት ዋጋ ሸጥኩት።

በምትኩ ያገኘሁት እዚሁ ከተማችን ቆሞ ከነበረ አሮጌ የኋላ ተነጂ ቶዮታ ኮሮና ላይ የወጣ አክስል ነው። ክራውኑ 6.7 ኢንች ነው፤ ቸርኬው በእኔው አራት ቡሎን ይታሰራል፤ ጥርሱ 41 በ10፣ ማለትም 4.1 ነው። እንደ ሃይሉክሱ ሁሉ የዲፈረንሻሉ ሆድ ከፊት በኩል በቡሎን ተፈትቶ ስለሚወጣ፣ አክስሉን ከመኪናው ሳላወርድ ምጥጥኑን መቀየር እችላለሁ። ከመግዛቴ በፊት ዘንጎቹን አስወጥቼ በጫፋቸው ያሉት ጥርሶች ተጠምዝዘው እንደሆነ ተመለከትኩ፤ መስመራቸው ትንሽ እንኳ ቢጣመም ዘንጉ ከዚህ በፊት ከአቅሙ በላይ ተጎትቷል ማለት ነውና።

ሥራው የከበደው በብየዳው ላይ ነው። የአራቱን ክንዶች ማሰሪያ ከአሮጌው አክስል ቆርጠን በአዲሱ ላይ ስንበይድ ሆዱን፣ ኩሽኔታዎቹንና ዘይት እንዳይፈስ የሚከለክሉትን ኦይል ሲሎች አስቀድመን አወጣን፤ የብየዳ ማሽኑም የመመለሻ (ማሳ) ሽቦ እዚያው ከሚበየደው ብረት አጠገብ እንዲታሰር አደረግን፤ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታ ውስጥ ካለፈ ኩሽኔታውን ያበላሸዋል። ቱቦው በሙቀት እንዳይጣመም አጭር አጭር እየበየድን፣ እያቀዘቀዝን፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየተዘዋወርን አንድ ሙሉ ቀን ፈጀን።

የተሳሳትኩት በማዕዘኑ ነው። ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ በሁለት ክሮቸራ፣ ማለትም በሚተጣጠፉ የመስቀል መገጣጠሚያዎች ስለሚታጠፍ፣ የካምቢዮው መውጫና የፒኒየኑ መግቢያ ትይዩ መሆን አለባቸው። እኔ የለካሁት መኪናዋ በክሪክ ተሰቅላ፣ አክስሉ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሳለ ነበር። መሬት ስትነካ ማዕዘኑ ተቀየረና ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ስነዳ ወለሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መለካት የነበረብኝ ሙሉ ክብደቷ በጎማዎቿ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። የላይኞቹን ማሰሪያዎች ፈልቅቆ እንደገና መበየድ ሁለት ቀን ወሰደ፤ ብረቱም ሁለት ጊዜ በመጋሉ እስካሁን ቅር ይለኛል።

ጥርሱን ያስተካከሉልኝ ሽማግሌው ናቸው። በክራውንና በፒኒየን መካከል ያለው ክፍተት ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር እንዲሆን አደረጉ፤ ከዚያም ቀለም በግራሶ ለውሰው ጥርሶቹን ቀብተው አዞሩና የመነካካቱን ምልክት በሁለቱም በኩል አዩ። በሁለቱም በኩል ማየታቸው ለአገራችን መንገድ ትልቅ ነገር ነው። ዳገት ሲወጣ አንደኛው የጥርስ ገጽ ይሠራል፤ ቁልቁለት በማርሽ ተይዞ ሲወረድ ደግሞ ጫናው ወደ ተቃራኒው ገጽ ይዞራል።

በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት እንዳለፈ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ደባርቅ ደረስኩና ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የጠረጉትን፣ ወደ ዛሪማ የሚያወርደውን ልማሊሞን ቀስ ብዬ ወረድኩ፤ ከዚያም ተመልሼ ወጣሁ። ከዚያ ጉዞ በፊት ባዶ ሜዳ ላይ ባደረግሁት ሙከራ የኮሮናው ሰፊ ታምቡር የኋላ ጎማዎችን ከፊተኞቹ ቀድሞ ያቆማቸው ስለነበር፣ በታምቡሩ ውስጥ ያሉትን የፍሬን ሲሊንደሮች በጠባብ ቀይሬያለሁ። ያንን ሳላደርግ ልማሊሞን ብወርድ ኖሮ በመጀመሪያው ጠባብ ኩርባ ላይ የመኪናዋ ጀርባ ይዞርብኝ ነበር። አክስሉ በመውጣትም በመውረድም ድምፅ አላሰማም፤ ደባርቅ ላይ ቆሜ በእጄ ስነካው ይሞቃል እንጂ አያቃጥልም ነበር።

ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን ሳፈስስ በመግነጢሱ ላይ ያገኘሁት እንደ አመድ የላመ ብናኝ ብቻ ነው፤ ስባሪ የለበትም። አዲሱንም ለዲፈረንሻል ጥርስ የሚሆን፣ ጂኤል-5 የሚባል ደረጃ ያለው 90 ቁጥር ዘይት አድርጌያለሁ። የቀረኝ ሥራ የግራው ኦይል ሲል ነው፤ ዘንጉ ሲሉ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ስለተበላ ትንሽ ያዥጣል፤ ዘንጉን ቶርኖ ቤት ወስጄ አስሞልቼ ላስልሰው ቀጠሮ ይዣለሁ።