ጥንድ ፍለጋ፤ ከፋሲል ግቢ እስከ ሳንቃበር

በፋሲል ግቢ ያለው የአንበሳ ቤት ባዶ ነው። ባዶ መሆኑን እያወቅሁ ነው የሄድኩት። አስጎብኚው ወደ ዋናው ግንብ ሊወስደኝ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ «ሰው ሁሉ የሚያነሳው ያንን ነው» አለኝ። እኔ ግን ከፍርግርጉ ፊት አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ። እዚህ አንበሶች ይኖሩ ነበር። ማን ከማን ጋር ተጋድሞ ይተኛ እንደነበር የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።

እንስሳት በሚጠበቁበት ቦታ ሁሉ እየዞርኩ ጥንድ ጥንዱን ማንሳት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። የጀመርኩት ለቤቴ በሚቀርበው በስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ነው። ያ ግቢ በ1940 ዓ.ም. ገደማ ሲቋቋም የገቡት አምስት ወንድና ሁለት ሴት አንበሶች ነበሩ፤ ከመነሻው ጥንዱ አልገጠመም። ቀጥሎ ሆለታ አቅራቢያ ወዳለው እንስሳ ኮቴ ሄድኩ። እዚያ የሚጠለሉት ከሕገወጥ ነጋዴዎችና ከክፉ አያያዝ የተወሰዱ አንበሶችና አቦሸማኔዎች ናቸው። አንዱ አቦሸማኔ አንገቱን በሌላው ጀርባ ላይ ጥሎ ሲያንቀላፋ ያነሳሁትን ፎቶ ያየ ሁሉ «ባልና ሚስት» ይለኛል። ጠባቂው ግን ወንድማማቾች መሆናቸውን ነግሮኛል። በዱር ሴቷ አቦሸማኔ ከግልገሎቿ ጋር ብቻዋን ትኖራለች፤ ዕድሜ ልክ አብረው የሚዞሩት ወንድማማቾች ናቸው። ያን ካወቅሁ በኋላ የገዛ ፎቶዎቼን እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም። በአጥር ውስጥ ማን ከማን ጎን እንደሚተኛ የሚወስነው በሩን የሚዘጋው ሰው ነው። ስለዚህ መሄድ እየቻሉ የማይሄዱ ሁለት እንስሳት ማየት ፈለግሁ። ጎንደር የመጣሁት ለዚህ ነው፤ በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክ ወጥቼ ሳንቃበር በሚባለው ማደሪያ ሰፈር ላድር። ወሩ የካቲት 2012 ነበር።

የመጀመሪያዋ ሌሊት ክፉ ነበረች። ፒያሳ አካባቢ የያዝኩት ክፍል መስኮቱ አይዘጋም፤ ከሥር ያለው ቤት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ዘፈኑን አላቆመም። አዲስ አበባ የምኖረው ከዋና መንገድ ዳር ነው፣ ጫጫታ አያስደነግጠኝም። ግን ሊነጋ ሲል የምነሳበት ሌሊት ስለነበር አንጀቴ አረረ። መናኸሪያ ስደርስ ደግሞ ረዳቱ ለካሜራ ሻንጣዬ የአንድ ሰው ሒሳብ ጠየቀኝ። ሻንጣውን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደምሄድ ብነግረውም አልሰማም። ከፈልኩ። ደባርቅ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ እዚያው ጭኔ ላይ ነበር፤ ብስጭቴም እስከ ዳባት አልለቀቀኝም።

ደባርቅ ላይ ቡና የጠጣሁባት ሴት ልብሴን አይታ «በዚህ ነው ሳንቃበር የምታድሪው?» አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ጓዳ ገብታ ጋቢ ይዛ ወጣች። «ስትመለሽ ታቀብይኛለሽ» አለች። ስሜን እንኳ አልጠየቀችኝም። መያዣ ልስጥ ብላት ተቆጣች። እኔ ባለሁበት ሰፈር ጎረቤት ከጎረቤት መሰላል ሲዋስ እንኳ የሚመለስበትን ቀን ይነጋገራል።

ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስካውት፣ ማለትም ጎብኚን የሚያጅብ የታጠቀ ጠባቂ፣ ተመድቦልኝ ወጣን። ዕድሜው ከአባቴ የሚቀራረብ፣ ጠመንጃውን በትከሻው አግድሞ የሚሄድ፣ ቁጥብ ሰው ነው። እኔ «ጋሼ» እለዋለሁ፣ እሱ «እታለም» ይለኛል። የምፈልገውን ስነግረው «ዋሊያ ነዋ!» አለ። ጎብኚ ሁሉ የሚጠይቀው ዋሊያን ነው። ትክክልም ነው፤ ዋሊያ ከስሜን ተራራ በቀር በዓለም የትም የለም።

ጭላዳዎቹን ገና በመንገድ ላይ አገኘናቸው። በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ተቀምጠው ሣር ይነቅላሉ፤ የጣቶቻቸው ፍጥነት ጤፍ የምትለቅም ሴት ይመስላል። ከጦጣና ከዝንጀሮ ወገን ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ ሌላ የለም። ለጥንድ ፎቶ ግን አይሆኑም። አንዱ ጎፈሬያም ወንድ ብዙ ሴቶች አሉት፤ ሁለቱን ብቻ ለይቼ ባነሳ ውሸት ይሆንብኛል። ካሜራዬን ዘግቼ ዝም ብዬ አየኋቸው።

በማግስቱ ጨነቅ በሚባለው የፓርኩ ቦታ ላይ ዋሊያዎቹ ታዩን። አምስት ናቸው፣ አምስቱም ወንዶች። «ሴቶቹስ?» አልኩ። ስካውቱ በእጁ ወደ ሌላ ገደል አመለከተ። ወንድና ሴቱ የሚቀላቀሉት በዋናነት ከመጋቢት ወዲያ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ይለያያሉ። ቀንዳቸው ወደ ኋላ ቆልመም ብሎ፣ ፀሐይ ከጀርባቸው ሲወጣ ያለው ውበት ልቤን ሞላው። ቢሆንም የመጣሁበትን አላገኘሁም። ቀይ ቀበሮ ደግሞ በሦስቱም ቀን አልታየንም።

ብርዱን ግን በቃላት ልገልጸው አልችልም። የካሜራ ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ሁለቱንም ባትሪ ብብቴ ሥር ይዤ ነው ያደርኩት። ያቺ ሴት ጋቢዋን ባትሰጠኝ ኖሮ በሁለተኛው ሌሊት ወደ ደባርቅ እመለስ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ከሳንቃበር ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ስካውቱ አንዲት ቁጥቋጦ አጠገብ ቆመና ጭራሮዋን አሳየኝ። ጫፏ ላይ እንደ ሬንጅ የጠቆረች ጠብታ አለች። «ሰስ ነው» አለኝ። ሰስ በቋጥኝና በገደል ላይ የሚኖር፣ ሚዳቋ መሰል ትንሽ እንስሳ ነው፤ ከዓይኑ ሥር ካለው ዕጢ የሚወጣውን በጭራሮ ጫፍ እየነካ ክልሉን ያሰምራል። አፋፉ ላይ ተቀመጥን። ግማሽ ሰዓት አልቆየንም፣ አንደኛው ከቋጥኝ ላይ ብቅ አለ፤ በአራቱም ሰኮናው ጫፍ፣ አንድ እጅ በማይሞላ ድንጋይ ላይ ቆመ። ሁለተኛው ከሥሩ ቅጠል ይቀነጥባል። አንዱ ሲበላ አንዱ ይጠብቃል። ጥቂት ቆይተው ተለዋወጡ፤ የበላው ወጣ፣ የጠበቀው ወረደ።

«እነዚህ አይለያዩም» አለ ስካውቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንዱ ጠላት ካየ ያፏጫል፣ ሌላውም ተቀብሎ ያፏጫል። አምና በሚያዝያ ፓርኩ ሲቃጠል ቅጠል ይዘን እሳቱን እንመታ ነበር። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል እሳት አጥፊ እስኪመጣ ድረስ። ያን ጊዜ ሐሳብ የሆኑብኝ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። እነሱ ቋጥኛቸውን ጥለው ወዴት ይሄዳሉ?»

ከጥቂት ሜትር በላይ ሲራራቁ አላየሁም። አንዱ ወደ ቀኝ ራመድ ካለ ሌላው ቅጠሉን ትቶ ይከተላል። ከፊታቸው ሰፊ ገደል፣ ከኋላቸው ሰፊ ሜዳ አለ፤ አጥር የለም። እጄ እየተንቀጠቀጠ አርባ ያህል ፎቶ አነሳሁ። ከአርባው አንዱ ብቻ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ አንዱ ከላይ ሩቅ እያየ፣ ሌላው ከታች እሱን እያየ።

ስንመለስ የደባርቋን ሴት ቤቷ አገኘኋት። ጋቢውን አጥፌ ሰጠኋትና ፎቶውን ከካሜራው ላይ አሳየኋት። እጇን በነጠላዋ ጠረግ አድርጋ ጎንበስ ብላ አየች።

«ሰስ! ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅ ከአፋፉ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው ነው እምናያቸው» አለች። «አንዱን ብቻውን ካየን እናቴ ‹ሌላውን ነብር በላው› ትለን ነበር።»

የቡናውን ሒሳብ አልቀበልም አለችኝ። የጎንደር መኪና እየጠራ ስለነበር ብሩን ረከቦቱ ላይ ትቼ ሮጥኩ።