«አትንኩት፣ ይሠራል»

ነሐሴ ማለቂያ ላይ ሁሌም ሆድ ይብሰኛል። ዘንድሮ ግን ባሰ። ፕሮግራመር ሆኜ ሥራ ስጀምር ሌት ተቀን ያጠናኋቸው ነገሮች አንድ በአንድ ከገበያ ወጥተዋል። ድረ ገጽ ላይ አኒሜሽን የምንሠራበትን ፍላሽን ዛሬ ማን ያነሳዋል? ባለቤቱ አዶቤ ራሱ በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ ላይ ተወው። እዚህ ደብረ ማርቆስ ዝናቡ አላባራም፣ መብራትም ሄዷል። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ልፋት እጄ ላይ የቀረው ምንድን ነው እያልኩ ስብሰለሰል የኔታ ትዝ አሉኝ።

የኔታ ቅኔ የተማሩት ዲማ ጊዮርጊስ ነው። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ባሕረ ሐሳብን ግን በጣታቸው አንጓ ነው የሚያሰሉት። አንድ ቀን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የ2018ን አሳዩኝ። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በሚቆጠረው 5500 ዓመት ላይ 2018 ጨመሩ፤ 7518። ለ19 ሲያካፍሉት 13 ተረፈ። አንድ ቀነሱለት፤ ወንበር የሚባለው ቁጥር 12። ወንበሩን በ11 አባዝተው በ30 ሲገድፉት አበቅቴ የሚባለው 12 ሆነ። በ19 አባዝተው ሲገድፉት ደግሞ መጥቅዕ የሚባለው 18። መግደፍ ማለት አካፍሎ ትርፉን መያዝ ነው፤ እኛ ፕሮግራመሮች ሞጁሎ የምንለው።

ከዚያ ቀና አሉና፦ «በል ሁለቱን ደምር» አሉኝ።

«30፣ የኔታ።»

«30 ካልመጣልህ ስተሃል። ተመለስና ቁጠር።»

ሂሳቡ መፈተኛውን ራሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል! ስለ ቴስት፣ ማለትም ፕሮግራም ስለ መፈተን፣ ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ እንደዚህ የገባኝ የለም።

«ለምን 11 ሆነ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ስለሚያጥር ነው አሉኝ። 19ኙስ? ፀሐይና ጨረቃ ተመልሰው የሚገጥሙት በ19 ዓመት ነው። ለእያንዳንዱ ቁጥር ምክንያት አላቸው።

እኛ ጋስ? አንድ የደመወዝ ፕሮግራም ውስጥ «ወሩ 13 ከሆነ እለፈው» የሚል መስመር ነበር። ለወር ደመወዝተኛ ልክ ነው፤ ጳጉሜን የራሷ ደመወዝ የላትም። በኋላ ግን የቀን ሠራተኞች እዚያው ላይ ተጨመሩ። የጳጉሜን ሂሳባቸው ቀለጠ። ለአዲስ ዓመት ዶሮ የሚገዙባት ብር ናት እኮ! መስመሩን የጻፈው ልጅ ሥራ ለቋል፣ ምክንያቱን የሚያስረዳ አንድ ቃል አልተወም። ስንቱ ሰው መስመሩን አየው፤ መልሱ ግን «አትንኩት፣ ይሠራል» ነበር። ለማን ነው የሚሠራው?

ከዚያ ወዲህ ኮድ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ለምን እንደተጻፈ ነው። አዲስ ለሚመጡ ልጆችም የምለው ይህንኑ ነው፦ ምክንያቱን አጠገቡ ጻፉት፤ ከመጻፋችሁ በፊት ደግሞ ሥራውን ከሚያውቀው ሰው ጋር ቁጭ በሉ። ልጆቹ ፈጣኖች ናቸው፣ ደስ ይሉኛል። ቁጭ ለማለት ግን ጊዜ የላቸውም።

የኔታ ዘንድ የሚቀመጠውም ተማሪ እየሳሳ ነው። ስሌቱ አይጠፋም፣ ስልክ ላይም አለ። እሳቸው ሲያልፉ ግን ለምን 11 እንደሆነ ማን ይጠየቃል? እኛስ ቢሮ፣ ዛሬ ማን አለ የሚጠየቅ?