ሦስተኛዋ ቀጭን ቱቦ

ለጥምቀት ጎንደር ነበርኩ። ፒያሳ ቡና ይዘን ተቀምጠን አንዱ አብሮ አደጌ "አሜሪካ ድረስ የሄድከው ሣር ልታጭድ ነው እንዴ?" አለኝ። ሌላው መተማ ለሰሊጥ መሬት ሊመነጥር አስቧል። "ሎደሬ ላይ የሚገጠመውን ሰፊውን የቁጥቋጦ መቁረጫ ላክልኝ እንጂ ሌላው አያሳስብም" አለ። ለሁለቱም ስመልስ መሸ።

ሥራዬ ቴክሳስ ነው። ስኪድ ስቲር የምትባለው፣ ብዙዎቻችሁ ቦብካት የምትሏት ትንሽ ሎደር አለች። አካፋዋ ይወልቅና የሚሽከረከር መቁረጫ ይገጠምላታል። ሣሩንም ቁጥቋጦውንም ታደቅቀዋለች። የታጨደው እዚያው ይበሰብሳል። አዘዞ ለአንዲት ላም ሣር ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ስንዞር ላደግን ሰዎች ይሄ ያንገበግባል። ከብት የሌለው ሰው ሣር ሲያሳድግ ያየሁት እዚያ ነው።

መቁረጫውን የሚያዞረው ከሎደሯ በቱቦ በግፊት የሚመጣ ዘይት ነው፤ ሃይድሮሊክ የሚባለው። በመጀመሪያው ሳምንት አለቃዬ ቱቦዎቹን አሳየኝና "ገባህ?" አለኝ። "እሺ" አልኩ። አልገባኝም ነበር። እኛ ዘንድ ለትልቅ ሰው እሺ ማለት አክብሮት ነው። እዚያ ግን እንደ ፊርማ ይቆጠራል። ሁለቱን ወፍራም ቱቦዎች ገጠምኩ። ሦስተኛዋን ቀጭኗን ተውኳት። መቁረጫውን የሚያዞረው የሃይድሮሊክ ሞተር ውስጥ የሚያመልጠውን ዘይት ወደ ታንከሩ የምትመልሰው እሷ ናት። ካልተገጠመች ጫፏ ዝግ ነው፤ ዘይቱ መሄጃ ያጣል፣ ሞተሩ ውስጥ ይጨነቅና ጎሚኒውን፣ ዘይት የሚያግደውን የጎማ ማሸጊያ፣ ገፍቶ ያወጣዋል። እንዲያው ሆነ። ዘይቱ ሣሩ ላይ ተረጨ።

አለቃዬ አንድ ቃል አልተናገረም። አካፋና ከረጢት ሰጠኝ። ዘይት የነካውን አፈር ሠራተኛው ሁሉ እያየኝ ለቀምኩ። ከዚያ ሁለት ወር በእጅ ማጨጃ የአጥር ጥግ ለጥግ። ጎንደር ቢሆን አለቃ ይጮኻል፣ ይሰድባል፣ ማታ ሽማግሌ ገብቶ ያልቃል። ያ ዝምታ ግን እስከ ዛሬ ያመኛል።

መተማ ሊመነጥር ላሰበው ጓደኛዬ የነገርኩት ይሄን ነው። ስፋት የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ ከጎማዎቹ ትንሽ ካለፈ ይበቃል። መጀመሪያ ሎደርህ በደቂቃ ስንት ሊትር ዘይት እንደምትገፋ እወቅ። ብዙዎቹ ከ60 እስከ 90 ሊትር ይሰጣሉ። ከፍ ያሉት ከ100 በላይ። መቁረጫው 120 የሚፈልግ ከሆነና ያንተ 70 ከሰጠች ምላጩ ይልፈሰፈሳል፣ እንጨቱን ያኝካል፣ ዘይቱም ይግላል። ዘይቱ ከሚገባው በላይ መብዛቱም የመቁረጫውን ሞተር ይገድለዋል።

ቱቦ ስትገጥም ጫፎቹን በንጹህ ጨርቅ ጥረግ፤ የመተማ አቧራ ለሃይድሮሊክ መርዝ ነው። ጠዋት ጠዋት የምላጩን ቡሎኖች አጥብቅ፣ ግራሶ ስጥ። ምላጩን እንደ ማጭድ አታሹለው፤ ከሳሳ በመጀመሪያው ድንጋይ ይሸረፋል። ሁለቱን ምላጮች እኩል ሳላቸው፣ ስትቀይርም አብረህ ቀይር። አንዱ ከከበደ መንቀጥቀጡ ኮሽኔታውን ይበላዋል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ልጆቹ ናቸው። እኛ አገር ማሽን ድምፅ ካሰማ የሰፈር ልጅ ሁሉ ይከባል። ይህ ነገር ድንጋይ ይተኩሳል። 100 ሜትር ውስጥ ሰው አይቁም። የፊት በሩም ወፍራሙ ፖሊካርቦኔት ይሁን፤ ተራ መስታወት ድንጋዩን አይችለውም። ምላጩም ሞተር ከጠፋ በኋላ ይዞራል፤ ሳይቆም እንዳትወርድ።

ለመሄድ የምታስቡ ልጆች፣ እዚሁ ጋራዥ ገብታችሁ ሃይድሮሊክ ተማሩ። እንግሊዝኛው ቀስ ብሎ ይመጣል። ግን "አልገባኝም፣ ደግመህ አሳየኝ" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር አውሮፕላን ሳትሳፈሩ አጥኑ። እኔን ሁለት ወር አስከፍላኛለች።

ትናንት ያ የመተማው ጓደኛዬ የሎደሯን ሰሌዳ ፎቶ ላከልኝ። 68 ሊትር ይላል። ለቀጭኗ ቱቦ የሚሆን መውጫ ግን የላትም። መቁረጫ ከመፈለጋችን በፊት እሱን እናስገጥማለን ተባብለናል።