ስቴኪኒ የበዛበት ድፎ

ድፎ ዳቦ ላይ ስቴኪኒ መሰካት ነውር ነው ሲባል ሰምቼ አላውቅም። እህቴ ግን እስካሁን አኩርፋኛለች።

የእህቴ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ናት። ሚኒስትሪ ሊፈተኑ ሳምንት ቀርቷቸዋል። "ኢንስክራይብድ አንግል የሴንትራል አንግል ግማሽ ነው" ትላለች፣ አንዴም ሳትሳሳት። ከክቡ ጠርዝ ሁለት ነጥቦች የሚነሱ መስመሮች ጠርዙ ላይ ሲገናኙ የሚሠሩት አንግል፣ መሐሉ ላይ ሲገናኙ ከሚሠሩት ግማሽ ነው ማለቷ ነው። ለምን ግማሽ ሆነ ስላት ግን መልሷ "ቲቸር ናቸው ያሉት" ብቻ ነው።

ልስልላት ወረቀት አወጣሁ። ኮምፓሷ እርሳስ አልይዝም አለ። በእጄ ስሞክር ደግሞ "አጎቴ፣ ይሄ እንኳን ክብ እንቁላልም አይወጣው" አለችኝ።

ቀና ስል ድፎው ታየኝ። የሰኔ ሚካኤል ማኅበር ተረኛ እህቴ ነበረች። ከኮባው ገና የወጣ ድፎ፣ ሰፌድ ላይ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ቤቱን በመዓዛው ሞልቶታል። ከዚህ በላይ ክብ ከየት ይምጣ? እህቴ ጓዳ ወጥ ላይ ናት። በሩን ገፋ አደረግነው።

መጀመሪያ መሐሉን መፈለግ ነበረብን። የፓስታ ካርቶን ጥግ 90 ዲግሪ ነው። ጥጉን ዳቦው ጠርዝ ላይ አሳረፍነውና የካርቶኑ ሁለት ጎኖች ጠርዙን የሚያገኙበትን ሁለት ቦታ በክር አገናኘን። ክሩ ዲያሜትር ሆነ ማለት ነው፤ በጥንታዊው ግሪክ በታሌስ ስም የሚጠራው ቲዎረም ይሄው ነው። ሌላ ቦታ ላይ ደገምነው። ሁለቱ ክሮች የተሻገሩበት ላይ አንድ ስቴኪኒ ሰካን። ሴንተር!

ከዚያ ጠርዙ ላይ ሁለት፣ ከነሱ ፊት ለፊት ሦስተኛ ሰካንና ከሁለቱ ወደ ሴንተሩም ወደ ሦስተኛውም ክር ዘረጋን። በፕሮትራክተር ስትለካ መሐል ላይ ያለው 80፣ ጠርዝ ላይ ያለው 41 መጣ። ድፎ ከላይ ጉብ ስለሚል አንዷን ዲግሪ ይቅር በሉት፤ ፈታኞቹ ጉብ ያለ ክብ አያመጡም። ከሦስተኛው ስቴኪኒ በሴንተሩ በኩል አንድ ክር ስጨምር ሁለት ትሪያንግል ወጣ። ከሴንተር ወደ ጠርዝ ያሉት ክሮች ሁሉም ሬዲየስ ናቸው፣ እኩል ናቸው። ስለዚህ በየትሪያንግሉ ጠርዝ ላይ ያሉት ሁለት አንግሎች እኩል ናቸው። ሴንተሩ ላይ ያለው የውጪው አንግል ደግሞ የሁለቱ ድምር ነው፣ እጥፍ ማለት ነው። የሁለቱን ትሪያንግል ስንደምር የመሐሉ አንግል የጠርዙ እጥፍ ሆነ። ልጅቷ "እ-ን-ዴ!" ብላ ጮኸች።

ጩኸቱ ሳያባራ አባ በር ላይ ደረሱ። ስቴኪኒውንም ክሩንም አፈፍ አፈፍ አድርገን ጨርቁን መለስን።

ጸሎት ተደርሶ ጨርቁ ሲገለጥ አባ ጎንበስ አሉ። "ልጆቼ፣ ይሄን ዳቦ ምን ወጋው?"

እኔ ጣሪያውን አየሁ። እሷ ብድግ አለች። "አባ፣ ይቺ ሴንተሯ ናት" ብላ ከታሌስ ጀምራ ለማኅበርተኛው በሙሉ አስረዳች። የእህቴ ዓይን ጠበሰኝ።

አባ ፈገግ ብለው በቢላው ጫፍ አማተቡበትና "እስቲ አንቺው አስቆርሺን" አሏት። 16 ሰው ነበርን። ለአባ 60 ዲግሪ፣ ለሌሎቻችን 20 20። ድፎ ወትሮ በአራት ማዕዘን ነው የሚቆረሰው፤ አንዱ ለስላሳውን ሲያነሳ ሌላው ቅርፊት ይደርሰዋል። በዕድሜ ትልቋ እማማ በየተራው "ለኔ ጥርስ ላጣሁት ቅርፊት?" እያሉ ያጉረመርማሉ። አሁን ሁሉም ከመሐሉም ከጠርዙም ደረሰው። ሰው ሁሉ ረጅም ሹል ዳቦ ይዞ ተቀመጠ።

እማማ ደስ ብሏቸው ጎረሱ። ማኘካቸውን አቆሙ። ከአፋቸው በሁለት ጣት ስባሪ ስቴኪኒ አወጡና አገላብጠው አዩት።

"እሰይ! ዘንድሮስ ዳቦው ስቴኪኒውን ይዞ መጥቷል።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከእህቴ በቀር።

የሐምሌ ተረኛ እማማ ናቸው። ትናንት ደወሉላት፦ "ልጅቷን ይዘሽልኝ ነይ፣ ዳቦውን እሷ ትለካልኝ። ያ ወንድምሽ ከመጣ ደግሞ በር ላይ ኪሱ ይፈተሽ።"