አሥር ዓመትና ሰባት ብርጭቆ

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ!

ይህን የምጽፈው ጳጉሜን 5፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ ከሒሳብ ጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጬ ነው። ጓዳ ውስጥ ለነገ ዶሮ ሽንኩርት እየተቁላላ ነው። ጽሑፉ እንባ እንባ ካላችሁ ጥፋቱ የሽንኩርቱ ነው።

ነገ ምግብ ቤታችን አሥር ዓመት ይሞላዋል። የከፈትነው መስከረም 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር፤ ቅዳሜ። "በአዲስ ዓመት አዲስ ሥራ" ብዬ ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። በእንቁጣጣሽ ሰው ሁሉ ቤቱ እንደሚበላ የነገረኝ የለም። ይሄም ይነገራል ወይ ብለው ይሆናል።

ያለንበት ቱሉ ዲምቱ ያኔ እንደዛሬው አልነበረም። ስሙ በኦሮምኛ "ቀይ ኮረብታ" ማለት ነው። ክረምት ላይ ጫማችንን ይዞ የሚያስቀረው ግን ጥቁሩ የአቃቂ ዋልካ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ገና ሰው እየገባበት ነበር። ተስፋዬ ያለው ከዚሁ ተነስቶ አዳማ በሚገባው የፍጥነት መንገድ ላይ ነበር። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ! መኪና በሚበዛበት የሚራብም ይበዛል ብዬ አሰብኩ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ለመንገድ የከፈለ ሰው የሚፈልገው መድረስ ነው። መቆም የፈለገማ በአሮጌው መንገድ ወርዶ ዱከም ላይ ጥሬ ሥጋውን ያስቆርጣል።

ለአሥረኛ ዓመታችን ያሰብኩት እንደማንኛውም ድርጅት ነበር። ባነር፣ ኬክ፣ አርማችን ያለበት ቲሸርት። ካሸራችን የባነሩን ዋጋ አይታ "እትዬ፣ ይሄ ለማን ነው?" አለችኝ። ለማን እንደሆነ ማሰብ ጀመርኩና ተውኩት። በእሱ ፈንታ ባለፈው እሑድ ማታ በጊዜ ዘግተን፣ ወንበሮቹን ክብ ሠርተን፣ ቡና አስፈላን። አሥራ ዘጠኝ ነን። እያንዳንዱ ከዚህ ቤት የሚያስታውሰውን አንድ ነገር ይናገር ተባለ።

እኔ የጠበቅኩት ሌላ ነው። የገላኑን ሁለተኛ ቤት የከፈትንበትን ቀን ያነሳሉ ብዬ ነበር። ወይም ያንን ስድስት መቶ ሰው ያበላንበትን ሰርግ። አንድም ሰው አላነሳውም።

መጀመሪያ የተናገረው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለው አስተናጋጃችን ነው። ያን ቀን ሦስት ዶሮ ተሠርቶ ነበር። አንድ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ነው፤ ሠላሳ ስድስት ብልት ለዜሮ ሰው። ጠዋት "አበባየሆሽ" የሚሉ ልጆች መጡ። ቄጤማና አደይ ሰጥተውን፣ ዳቦና ሳንቲም ተቀብለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ድረስ በሩን የረገጠ የለም። እኔ ጓዳ ገብቼ አልቅሻለሁ። እሱ ግን ይህን አላነሳም። ያየኝ አልመሰለኝም።

እሱ የሚያስታውሰው ማታውን ነው። አንድ ሰዓት አካባቢ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከረዳቱ ጋር ገባ። ቀጥሎ ከመንገዱ ክፍያ ጣቢያ ከፈረቃ የወጡ ሰባት ልጆች። ቀጥሎ ከኮንዶሚኒየሙ ሁለት ጥበቃዎች። ሁሉም ለበዓል አገር ቤት መሄድ ያልቻሉ ናቸው። አይተዋወቁም። እሱ ሦስት ጠረጴዛ አጋጥሞ አንድ ላይ አስቀመጣቸው። አስተናጋጅ ስላነሰን ነው እንጂ ፍቅር ለመስበክ አልነበረም።

ወጡ ሲወጣ ነው ጭንቁ የመጣው። ፈረሰኛ የአባወራ ነው። ድስቱ ውስጥ ሦስት ፈረሰኛ አለ፤ ገበታው ላይ ግን አንድም አባወራ የለም። ጭልፋውን እንደያዘ ቆመ። የሹፌሩ ረዳት "ለእኚህ አባት ይሁን" ብሎ ወደ ትልቁ ጥበቃ አሳየ። እሳቸው "እኔማ ዘበኛ ነኝ" ብለው እምቢ አሉ። "በሞቴ" ተጀመረ። ይሄ በሞቴ ሲል ያ አፈር ስሆን ሲል ወጡ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ተቀበሉና ቆርሰው ለረዳቱ አጎረሱት። አስተናጋጃችን ሙስሊም ስለሆነ ከዚያ ዶሮ አልቀመሰም፤ ሽሮውን በልቶ ነው ያመሸው። ግን ጉርሻዋን በእጁ እያሳየ ነበር የሚናገረው፤ እንዴት እንደተጠቀለለች ሳይቀር።

እኚያ ትልቁ ጥበቃ ኋላ የእኛው ጥበቃ ሆኑ። እመለስባቸዋለሁ።

እንጀራ ጋጋሪያችን ያነሳችው የጳጉሜን 2011ን ነው። ያን ዓመት ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች። ለዋዜማው ከየቤቱ ሁለት መቶ እንጀራ ታዝዘን ነበር። ማለዳ መብራት ሄደ። ረፋዱ ላይ ይመጣል አልን፤ አልመጣም። ሊጥ ደግሞ ሰው አይደለም፣ ታገሥ አይባልም። ሦስት ቀን ቦክቶ፣ አብሲቱ ገብቶበት፣ ኩፍ ብሎ ከባልዲው አፍ ደርሷል። ሽታው ከእርሾ ወደ ኮምጣጤ እያዘነበለ ነው። ለዕድራችን ሴቶች ተናገርን። ማገዶ ያለው ምጣዱን ጣደ። ባልዲውን ሁለት ሁለት ሆነን ይዘን በዚያ ጭቃ ውስጥ ከአምስት ቤት አደረስን። አንዱ ባልዲ ከነልጁ ወደቀ። የልጁን ስም አልጠቅስም፤ አሁን የገላኑ ቤት ኃላፊ ነው።

እሷ ግን ስለ ጭቃውም ስለ መብራቱም ብዙ አላለችም። የነገረችን ስለ አንዲት እናት ነው። ምጣዱን በጎመን ዘር አስሳ ሊጡን ከዳር ወደ መሃል ስታዞር እኚያ እናት አዩዋት። ምንም ሳይናገሩ እጇን ያዙ። ጣሳውን ትንሽ ዝቅ፣ ዙሩን ትንሽ ፈጠን አደረጉላት። አክንባሎው ሲነሣ እንጀራው ዓይን በዓይን ሆኖ ወጣ። "እስከዚያ ቀን እንጀራ የምችል ይመስለኝ ነበር" አለች። በሳምንቱ ደንበኞች ያንን ጭስ ጭስ የሚለውን እንጀራ አምጡ ብለው አስቸግረውናል።

ትናንት የህዳሴ ግድቡ ሲመረቅ ቴሌቪዥኑ ሥር ቆማ ታይ ነበር። 5,150 ሜጋ ዋት ሲባል ዞር ብላ "ለአንድ ምጣድ ይበቃል?" አለችኝ።

አሁን ወደ ብርጭቆው ልምጣ። ማምለጥ ብችል ደስ ይለኝ ነበር።

ካሸራችን በ2009 ስትመጣ ዕቃ አጣቢ ነበረች። ከደብረ ብርሃን አካባቢ የመጣች፣ ዓይኗን ከመሬት የማታነሳ ልጅ። እሑድ ተራዋ ሲደርስ ፈገግ ብላ "የመጀመሪያ ደመወዜን አስታውሳለሁ" አለች። ደስ አለኝ። "የአንድ ብርጭቆ ሃያ ብር ቆርጠውብኛል።"

ክቡ ጸጥ አለ። እኔ ምንም አላስታውስም። እምላለሁ፣ ሃያ ብሩንም ብርጭቆውንም አላስታውስም። ግን እንዳደረግኩት አውቃለሁ። ያኔ የኪራይ ቀን ሲደርስ ሌሊት እየተነሳሁ ሒሳብ የምደምር ሰው ነበርኩ፤ ብርጭቆም እቆጥር ነበር። ያ ሃያ ብር ለእናቷ ከምትልከው ላይ የጎደለ ነው። "ይቅርታ" ለማለት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ቆይ እትዬ፣ አልጨረስኩም። ያን ቀን የሰበርኩት ሰባት ነው። ስድስቱን ጓሮ ቀብሬያቸዋለሁ።"

ሳቁ አልቆም አለ። በተለይ የሣቁት ጥበቃው ናቸው፤ ለካ ጉድጓዱን የቆፈሩላት እሳቸው ኖረዋል! ባለፈው ዓመት ለውሃ ታንከሩ መሠረት ሲቆፈር የብርጭቆ ስብርባሪ ወጥቶ ግንበኛውን "ምን ዓይነት አሸዋ ነው ያመጣህብን?" ብዬ ጮኼበት ነበር። ያ ሰው ይህን ካነበበ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከእሷ ጋር ደግሞ ሒሳባችንን ሠርተናል። መቶ ሃያ ብር አለብኝ አለች። ሃያውን ከወለዱ ጋር ብመልስላትም ትርፉ የእኔው ነው። ቁልፉም ገንዘቡም ዛሬ በእጇ ነው፤ በስምንት ዓመት አንድ ብር ጎድሎባት አያውቅም።

ጥበቃው ጋሼ ያነሱት 2012ን ነው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር ቤቱ በሳምንት ውስጥ ባዶ ሆነ። ሠራተኛው ወደየአገሩ ሄደ። እሳቸው ቀሩ። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠው፣ ፍሪጁ ጠፍቶ፣ ማታ ማታ ከድመት ጋር ብቻ እያወሩ። የፋሲካ ዕለት ዶሮ ይዤ ሄድኩ። መቀራረብ ስላልተፈቀደ ምሳ ዕቃውን በአጥሩ ላይ አቀበልኳቸው። እኔ እዚህ ማዶ፣ እሳቸው እዚያ ማዶ ቆመን ፈሰክን። ሲናገሩ ድምፃቸው ትንሽ ተያዘ። እኛም ተያዝን። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ግን ዶሮው ጨው በዝቶበት ነበር" አሉ።

አምስት ዓመት ሙሉ አልነገሩኝም! ጥፋቱ ግን አለው ምክንያት። የፋሲካ ዶሮ በጾም ነው የሚሠራው። የምትሠራው ሴት አትቀምስም። በሽታ፣ በቀለም፣ ማማሰያው ላይ በሚይዘው ነገር ነው የምትለካው። ለጨው ሕፃን ትጠራለች። ያን ዓመት ደግሞ ጎረቤት ልጅ መላክ ቀርቶ ነበር። ብቻዬን ሠራሁት፣ ማንም ሳይቀምሰው ሄደ።

ወጥ ሠሪያችን ተራዋ ሲደርስ አልተናገረችም። "ትዝታ ለሥራ ፈት ነው" ብላ ስኒ መሰብሰብ ጀመረች። አሥር ዓመት ሙሉ ከዚህ ቤት አንድ በዓል አልቀረችም። ሦስቱንም የመጀመሪያ ዶሮዎች የበለተችው እሷ ናት። ያላትን ትዝታ ብትጀምረው እስከ መስቀል አያልቅም ነበር።

እንግዲህ ነገ ሐሙስ ነው። አምና እንቁጣጣሽ ረቡዕ ውሎብን ነበር። የሚጾመው እንግዳ በያይነቱን በልቶ፣ ዶሮው ድስት ውስጥ ቁጭ ብሎ ሐሙስን ሲጠብቅ ዋለ። ዘንድሮ ተገላገልን። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነን። አገር ቤት ያልሄዳችሁ፣ ፈረቃ የያዛችሁ፣ ብቻችሁን የሆናችሁ፣ ጠረጴዛዎቹን አጋጥመናቸዋል። ለሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሽሮና አትክልቱ በሌላ ድስት ነው፤ ኃላፊው ያው የመጀመሪያው አስተናጋጃችን ነው። ፈረሰኛውን ለማን እንደምንሰጥ ዛሬም አልወሰንም።

ወጥ ሠሪዋ እየጠራችኝ ነው። ዛሬ ረቡዕ ስለሆነ አትቀምስም። የካሸራችን ልጅ አራት ዓመቷ ነው፤ ቅድም ጠረጴዛ ሥር ከድመቷ ጋር ስትጫወት ነበር። ይዣት ገባሁ። ወጥ ሠሪዋ ከማማሰያው ጫፍ አንድ ጠብታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት፣ እፍ አለችላት። ላሰችው። ሁላችንም አፏን እያየን ቆምን። እናቷ ሳትቀር ገንዘብ መቁጠር አቁማ በሩ ላይ ቆማለች።

"ትንሽ ጨው" አለች።