የክልክሉ ሣር የማን ነው?

ጎንደር ውኃ ከምታገኝባቸው ቦታዎች አንዱ የአንገረብ ግድብ ነው። የግድቡ ጠላት ደለል ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ከላይ ካለው ተዳፋት ማሳ አፈሩ ታጥቦ ይወርድና የውኃውን ቦታ ይይዛል። ለዚህ ነው በየበጋው እርከን የሚሠራው፣ ቦረቦሩ በሽቦ በታሰረ የድንጋይ ክትር የሚታሰረው፣ ገደላገደሉ ሣር እንዲያበቅል «ክልክል» ተብሎ ከከብት የሚከለለው። እኔም የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ነኝ፤ እንጀራዬ ከዚሁ ነው።

አንድ ጠዋት ተደወለልኝ። የክትሩ ሽቦ ሌሊት ተቆርጦ ድንጋዩ ተበትኗል። ስደርስ የታችኛው ሰፈር ወጣቶች በአንድ በኩል፣ የላይኞቹ በሌላ በኩል ቆመዋል። ዱላ ያልያዘ አልነበረም።

«እናንተ ናችሁ!»

«ማን አይቶን?»

ሽማግሌዎች እስኪደርሱ በወሬ ላዘገያቸው ስሞክር ከላይኛው መንደር አንዲት ልጅ ወደኔ መጣች።

«አንቱ፣ አንድ ነገር ይንገሩን። እርከኑን ስንሠራ የታቾቹ ነበሩ? አልነበሩም። ሣሩ ሲደርስ ግን አጫጆቹ እነሱ። የእኛ ላም ከገባች ቅጣት። ሕጉ እንዲህ ነው?»

እውነቷን ነበር። ሣሩ የተሰጠው ለታችኛው ሰፈር የተደራጁ ወጣቶች ነው፤ ወረቀት ያሟሉት እነሱ ናቸዋ። ከታቾቹ አንዱ ዱላውን ዝቅ አድርጎ «እኛ እኮ መንግሥት በደመወዝ ያሠራው መስሎን ነው» አለ። አንዳንዶቹ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ሣር ሆነ።

ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ ግማሹ ነገር አልቋል። ሣሩ እኩል ይካፈላል። ጥበቃው ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ እየሆነ በጥንድ ነው። ክትሩን በወንፈል አብረው ይጠግናሉ። ሽቦውን ማን ቆረጠው የሚለውን አንድ አባት «እሱን ለፈጣሪ ተዉት» ብለው ዘጉት። ደስ አለኝ። ይጣራ ቢባል እስካሁን ፖሊስ ጣቢያ በተመላለስን።

የተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውሳኔ 2250 ወጣቶች በሰላም ጉዳይ ድርሻ እንዲኖራቸው ጠይቋል። እኛም በሆቴል አዳራሽ፣ ከነአበላችን ሠልጥነንበታል። ስለ ሣር ግን ማንም አላነሳም። በዚያ ውሳኔ ወጣት የሚባለው ከ18 እስከ 29 ዓመት ያለው ነው፤ የእኛ አገር የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 ይጀምራል። ያቺ ልጅ ገና 18 ስላልሞላት በእኛው እንጂ በነሱ አትገባም።

ቢሮ ስመለስ ኃላፊዬ «ስንት ወጣት ሠለጠነ?» አለኝ። የሪፖርቱ ቅጽ የሚጠይቀው ያንን ነው። «የሠለጠነ የለም፤ የታረቀ ግን አለ» ስለው «እሱን አስተያየት የሚለው ላይ ጻፈው» አለኝ።

አሁን ደግሞ ክልክሉ ውስጥ ቀፎ ይሰቀል ተብሏል። ንቡ የላይኞቹን አበባ ቀስሞ የታቾቹ ቀፎ ውስጥ ማር ሲሠራ፣ ማሩ የማን ነው? በዚህ ሳምንት ስሄድ ይህን ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ጥበቃ ላይ የነበሩት ሁለቱ ነበሩ የሚጨቃጨቁት፤ ቆሎ እየተካፈሉ።