ጓሳ ላይ በሰው በርኖስ

ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ልብስ ሳልገዛ ማለፌ እስካሁን ይቆጨኛል። በብርድ ልብስ ፋብሪካው በታወቀ ከተማ ቆሜ ሻይ ጠጥቼ ሄድኩ። ኅዳር 2010 ዓ.ም. ወደ መንዝ ጓሳ ስሄድ ነበር። ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጣርማ በር ላይ ጉም ነበር፣ እኔም እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። የማልረሳው ረዳቱን ነው። ለቦርሳዬ 50 ብር ተቀበለኝ። ከጎኔ የነበሩት ሴትዮ በግ ጭነው 30 ነው የከፈሉት።

ያደርኩበት ቤት በሩ አይገጥምም። ጓሳ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ጫማዬን እንዳደረግኩ ተኮራምቼ ስንቀጠቀጥ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የቤቱ ዘበኛ ገብተው በርኖስ ጣል አደረጉብኝ። በግ በግ ይሸታል። እንደዚያ ደስ ያለኝ ሽታ የለም።

ጠዋት እኚሁ ሰው ወደ ሜዳው ወሰዱኝ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ካደሩበት ገደል ወጥተው፣ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። አንድ ቀይ ቀበሮ መሃላቸው ገባ። ጩኸት ጠበቅኩ። አንዷም ቀና አላለችም! እሱም ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቀስ እያለ ይራመዳል። ከዚያ ዘለለ፤ አይጥ ያዘ።

«ጋሼ፣ ለምን አይሸሹትም?»

«ምን አድርጓቸው? የሱ ጉዳይ ከአይጥ ጋር ነው። ውሻ ቢመጣ ግን አንዱንም እዚህ አታገኘውም።»

በኋላ ሳነብ፣ እዚያው ጓሳ ሲከታተሏቸው የኖሩ ተመራማሪዎች ቆጥረውታል። ጥናቱ የወጣው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ቀበሮው ብቻውን ሲያድን የሚሳካለት 25 በመቶ ነው። ጭላዳ መሃል ሲሆን 67 በመቶ። ምናልባት የሚግጠው መንጋ አይጧን ከጉድጓዷ ያስነሳታል፤ ምናልባትም በዚያ ሁሉ እግር መሃል ቀበሮውን አትለየውም። አንዴ አንዱ ቀበሮ የጭላዳ ልጅ ነጥቆ ነበር። ትልልቆቹ ተረባርበው አስጣሉት፤ ከዚያም አባረሩት፣ እንዳይመለስም ከለከሉት። ስለዚህ ጨዋነቱ ለሆዱ ነው። ቢሆንም ቀናሁ። አዲስ አበባ የጎረቤታችን ውሻ ስምንት ዓመት አይቶኝ ዛሬም ይጮህብኛል።

ልሄድ ስል በርኖሱን እንዲሸጡልኝ ጠየቅኳቸው። ሳቁ።

«ትናንት ላንተ ሰጥቼ እሳት ዳር ነው ያደርኩት፤ ዛሬማ ልተኛበት።»